ኤርሱሞ ለሽማግሌ የቆመ ዕለት

ልጅ እያለሁ ቤዝቦል አይቻለሁ ስላቸው የልጅ ልጆቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። “ጎጎ፣ ሆሳዕና ከተማ ላይ? በዚያ ዘመን?” ይሉኛል። ጎጎ ማለት እዚህ ጆሃንስበርግ አያት ማለት ነው። ዘንድሮ በኮሮናው ሎክዳውን ትምህርት ቤትም የአባታቸው ሱቅም ተዘግቶ፣ ሮዘተንቪል ባለችው ጠባብ ግቢያችን ታጉረን ነው የምንውለው። ልጆቹ በመጥረጊያ እንጨት የቴኒስ ኳስ እየመቱ “አውት ነህ!” “አይደለሁም!” ሲባባሉ ነው ያ ሁሉ ነገር የመጣብኝ።

ያኔ ሆሳዕና ቤታችን ከሚሲዮኑ የመምህራን ማሰልጠኛ አጥር ሥር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኤርሱሞ እዚያ ይማራል። ሁሉም “ሚስተር” የሚሉት አንድ አሜሪካዊ መምህር ነበራቸው። ይህ ሰው ከባሕር ዛፍ ዱላ አስጠርቦ፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ የቆዳ ጓንት አሰፍቶ፣ ጭድ የሞላባቸው አራት ጆንያዎች በሜዳው ማዕዘን ላይ አስቀመጠና ጨዋታውን አስተማራቸው። ኳሷን የመታ ልጅ ሦስቱን ጆንያ አዳርሶ ወደ ተነሳበት አራተኛው ከተመለሰ ነጥብ ያገኛል። አራተኛውን “ቤት” እንለው ነበር። መንገድ ላይ ኳስ በያዘ እጅ ከተነካ ግን ወጣ ማለት ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር መግጠም ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ የመጣው ሁሉ አሸነፋቸው። ኤርሱሞ ማታ ሲመጣ የላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይዞ ይገባል፤ እናቴ “ይህን ጓንት ከቆጮዬ አርቅልኝ!” እያለች ታባርረዋለች። በጋው ሲገፋ ግን እጃቸው ተፍታታ። እያሸነፉ መጥተው፣ በመጨረሻው ግጥሚያ ከወንዝ ማዶ የመጡትን አገኙ። ለአሸናፊው የተዘጋጀው ሙክት ከዋርካው ሥር ታስሮ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ አለቀ ሊባል ሲል ኤርሱሞ ዱላውን ያዘ። በእኩል ከተለያዩ ሙክቱ የማዶዎቹ ነው፤ ቀደም ሲል አንዴ አሸንፈውናልና። ኤርሱሞ የመታት ኳስ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አልፋ እንሰቱ ውስጥ ገባች። እሱ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጆንያ አልፎ ወደ ቤት ሲገሰግስ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ ጥጃቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። የገበያው መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ የሚሄድ ይቆማል።

ኤርሱሞ ቆመ። አንገቱንም ሰበረ።

“አባትህ ደኅና ነው?” አሉት።

“ደኅና ናቸው።”

“እናትህስ?”

“ይመስገን፣ ደኅና ናት።”

“ኧረ ሩጥ!” ይላል ሜዳው ሁሉ። አቶ ላምቤቦ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ “የወለደችው ላምስ?” ብለው ቀጠሉ።

ኳሷን ከእንሰቱ አውጥቶ የደረሰው የማዶ ልጅም ቆመ፣ አንገቱን ሰበረ። “አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?” አሉት። እሱም የአባቱን ስም በትሕትና እየነገራቸው ኳሷን የኤርሱሞ ጀርባ ላይ ለጠፍ አደረጋት።

ዳኛው ሚስተር ነበር። ክንዱን ወደ ላይ ወርውሮ “ወጥቷል!” አለ።

እንዴት ሜዳው ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ቤት የምንለው ጆንያ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ ተነሺ!” አለኝ ሚስተር።

“አልነሳም! ሰው ሰላምታ እየሰጠ ይያዛል? እናንተ አገር እንዲህ ነው?”

“ሕግ ነው።”

“የማይረባ ሕግ ነው!”

የማዶዎቹ ደጋፊዎች “ይቺን ከሙክቱ ጋር እሰሩልን!” ብለው ሳቁብኝ።

አቶ ላምቤቦ ጸቡ ምን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ከተቀመጥኩበት ጮክ ብዬ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጥጃቸውን አዞሩ።

“እንግዲያው ነገሩ በእኔ የመጣ ነው” አሉ። “እኔ ወደመጣሁበት ልመለስ። እናንተም ልጆቹን ወደነበሩበት መልሱ።”

ሚስተር እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ የለም አለ። እሳቸው ግን የማዶዎቹን አምበል ጠሩት። “ልጄ፣ በዚህ የሚያልፈው ያንተ አባት ቢሆን፣ ይህን ልጅ ቁም ነው ሩጥ የምትለው?”

አምበሉ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ጓደኛውን ከነኳሱ ወደ እንሰቱ መለሰውና “ይሩጥ” አለ። ሚስተር ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ፤ ፈቀደ። እኔም ከጆንያው ላይ ወርጄ እዚያው አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

ፊሽካው ሲነፋ ሁለቱም በረሩ። እኩል ደርሰው ጆንያው ላይ ተንከባለሉ፤ አቧራው ሁሉንም ሸፈነ። ወዲያው “ገብቷል!” “ወጥቷል!” የሚል ጩኸት ሆነ። ሚስተር አላየም። ከአጠገባቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጎንበስ አለና “አንቺ አየሽ?” አለኝ።

አይቻለሁ። የኤርሱሞ ጣት ጆንያውን ሳትነካ ኳሷ ትከሻው ላይ አርፋለች። ወንድሜ በአቧራ በነጣ ፊቱ ቀና ብሎ አየኝ። ጓደኞቹ በሙሉ ከኋላው ቆመው ያዩኛል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት።

“አልደረሰም” አልኩ። ድምፄ እንደ ቅድሙ አልወጣም።

ሙክቱ ወንዝ ተሻገረ። የቡድኑ ልጆች ለብዙ ጊዜ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ አንዱማ “የማዶዎቹ ሙሽራ” የሚል ስም አወጣልኝ። ኤርሱሞ ግን ያን ዕለት ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ወደ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ “ተናደድክብኝ?” ስለው “በጣም” አለኝ። ግን አላወረደኝም።

እሱ ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተምር ኖሮ ዛሬም እዚያው ሆሳዕና ነው። አውሮፕላን ስለቆመ በስልክ ድምፁን ከመስማት በቀር መገናኘት የለም።

ዘንድሮ ወደ ውጭ ብቅ ስል ወጣቶቹ ያዩኝና ወደ ሌላው የመንገድ ጠርዝ ይሻገራሉ። ነገሩ ከነከነኝ። “ለሽማግሌ የሚቆም ትውልድ አልቆ፣ ከሽማግሌ የሚሸሽ መጣ” ብዬ ለልጄ አማረርኩ። “እማ፣ በሽታ እንዳያስይዙሽ ብለው እኮ ነው” አለኝ። አላመንኩትም።

በቀደም ጠዋት፣ ለእንቅስቃሴ በተፈቀደችው አጭር ሰዓት፣ ጭንብሌን አጥልቄ ወጣሁ። አንድ የሰፈሩ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ። ሲያየኝ ቆመ። አጥሩ ላይ ተለጥፎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ “ሳውቦና ጎጎ” ብሎ በዙሉ ሰላም አለኝ። እስካልፍም ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። ያቺ የመሮጫ ሰዓት ግን የእሱም ናት፤ በእኔ ምክንያት ስትጎድልበት ማየት አልፈለግሁም። ሰላምታውን መልሼለት እርምጃዬን አፈጠንኩ።