የአትጠገብ ደም ያወጣው ጉድ

ጅጅጋ ታይዋን ገበያ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጠውን አትጠገብን አፏ ውስጥ ቅርንፉድ ሳይኖር ያያት ሰው የለም። እኛ ጎረቤቶቿ ለጥርሷ ይመስለን ነበር። እውነቱን የምታውቀው የሱቅ ጓደኛዋ እታገኘሁ ብቻ ነበረች፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ተደብቀው ለብዙ ዓመት አብረው አጭሰዋል። በኛ ሰፈር ሴት ሲጋራ ይዛ ከምትታይ ሱቋ ቢዘረፍ ይሻላታል።

በ2008 ዓ.ም. የሳንባ ካንሰርን ገና ሳይብስ ከደም ለማወቅ የሚያጠኑ ሐኪሞች መጡ። ሃምሳ ያለፈው ሁሉ ይምጣ ሲባል አትጠገብም ከባሏ ከአቶ አሥራት ጋር ሄደች። ነርሷ ዐናብ ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ ስትጠይቃት መልሱን የነጠቀው አሥራት ነበር። ሚስቱን ምን ቢያስቧት ነው እንዲህ የሚጠይቋት ብሎ ተቆጣ። እሷም ቅርንፉዷን ወደ ሌላው ጉንጯ አዞረች፤ ዐናብ «አታጨስም» ብላ ጻፈች።

ውጤቱ ሲመጣ ደሟ ውስጥ አጠራጣሪ ምልክት ተገኘ። ዐናብ ግን ደሙ ብቻውን እንደማይፈርድ፣ ለማታጨስ ሴት በዓመቱ ተመልሳ መታየቱ እንደሚበቃት ነገረቻቸው። አጫሽ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ለሲቲ ስካን ትላክ እንደነበርም አከለችበት። አሥራት እፎይ ብሎ ተነሳ። አትጠገብ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አጨሳለሁ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አሥራት ጥሏት ወጣ። አዲስ አበባ ግን አብሯት ሄደ። ዕጢው በእንጭጩ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ጅጅጋ ሲመለሱ ለጠያቂው ሁሉ «የከሰል ጭስ ነው» የሚለው እሱ ነው፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች። እኔም ሞኟ አምኜ ምድጃዬን በረንዳ አውጥቻለሁ።

አንድ እሑድ ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ሳለ እታገኘሁ መጣች። ከሰል ነው ሲባል ፊቷ ፈካ፤ እሷ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ነዋ። እንግዲያው ደም መመርመሩ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብላ ሳቀች። አትጠገብን ኀፍረት ላብ በላብ አደረጋት። ባሏን በስርቆት አየችና እንደ ምንም ቀና አለች።

«ከሰል አይደለም እታገኘሁ፣ ሲጋራችን ነው። ሄደሽ ተመርመሪ።»

እታገኘሁ ነጠላዋን እያጣፋች ተነሳች።

«የምን ሲጋራ?» አለች።

ሁላችንም መንገድ ለቀቅንላት። ዓይናችንን ያፈጠጥነው አትጠገብ ላይ ነበር።