የመከታ ደም

ዓቢዳ መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ወሬ አታበዛም፤ እጇ ግን ቀላል ስለሆነ ሕፃናት እንኳ መርፌዋን አይፈሩም ነበር። ጎረቤቷ እትዬ እልፍነሽ ልጆቻቸው ርቀው ስለሚኖሩ ቤታቸው ውስጥ ያሉት እሳቸውና መከታ የሚባል ያረጀ ውሻቸው ብቻ ነበሩ። ከተማው በጦርነት በተጨነቀ ጊዜ ዓቢዳ ከሥራ አምሽታ ስትመለስ መከታ እስከ ደጇ ይሸኛት ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ውሻው መንጋጋው ሥር እብጠት ወጣበት። እብጠቱ እየገፋ መጥቶ መዋጥ ከለከለው። የእንስሳት ሐኪሙ ዮሐንስ አገላብጦ አየውና፣

«በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ግን አርጅቷል፣ ከስቷልም። ኩላሊቱና ጉበቱ ከደከሙ ማደንዘዣውን አይችለውም፤ እንደተኛ ይቀራል። አስቀድሞ ደሙ መመርመር አለበት» አላቸው።

«ታዲያ መርምረዋ።»

«እኛ ዘንድ መሣሪያው የለም፣ እማማ።»

እትዬ እልፍነሽ ዓቢዳን ለመኗት። የክሊኒኩ መሣሪያ የሰው ደም መመርመሪያ ነው። የአንዱ ደም ከተነበበ በኋላ ታጥቦ ስለሚወጣ ከሌላው ጋር እንደማይነካካ እሷ ታውቃለች፤ ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? የክሊኒኩን ባለቤት አቶ አብርሃምን ብትጠይቀው እንደማይፈቅድ ስለገባት ሳትጠይቀው ቀረች።

«አብሽሩ እትዬ፣ ደሙ ይምጣ» አለች።

ታካሚ ሲያልቅ ጓንቷን አጥልቃ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ደሙን መረመረችው። የኩላሊቱ ውጤት መጥፎ ሆነ።

ዮሐንስ ወረቀቱን አይቶ ደነገጠ። «ይህን ሳላይ አስተኝቼው ቢሆን እገድለው ነበር። ምናልባት ውሃ አጥሮት ይሆናል። ጥቂት ቀን ግሉኮስ እንስጠውና ደሙን ደግመን እንየው።»

ሁለተኛውን ደም ዮሐንስ ራሱ ወደ ክሊኒኩ ይዞ መጣ። ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት የማን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ሳያስብ፣ «የውሻ ነው» አላት። ሴትየዋ ተነሥታ ወጣች። ወሬው ገበያ ለገበያ ተዛመተ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «የእኛን ደም ከውሻ ጋር!» አለ።

አቶ አብርሃም ዓቢዳን ጠራት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ግን መሣሪያውን አጥቤ፣ ደግሜ ፈትሼ...»

«እጥበቱን ለማን ላስረዳ? ሰው እኮ እዚህ የሚመጣው አምኖን ነው። እስክጠራሽ ቤትሽ ቆዪ።»

አልጮኸባትም። ያለው በከፊል እውነት እንደሆነ ገብቷት ጋዋኗን አውልቃ ወጣች።

ያ ደም ሳይመረመር ስለቀረ በማግሥቱ ዮሐንስ እንደገና ደም ቀዳላት፤ ደሙ ያለበትን ቱቦ በበረዶ ጠቅልላ ሚኒባስ ተሳፍራ ወልዲያ ገባች። እዚያ ላቦራቶሪ የምትሠራ ዮርዳኖስ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛ አለቻት።

«የሰው ስም ልስጠውና ልሥራልሽ» አለቻት ዮርዳኖስ።

«አይሆንም። ደብቄ ስለሠራሁ ነው እዚህ ላይ የደረስኩት። አለቃሽን ጠይቂልኝ።»

አለቃው እንቢ አለ። ሲሪንቃን አልፋ ወደ መርሳ ስትመለስ በረዶው ቀልጦ ቀሚሷን አርሶት ነበር።

ዮሐንስ ለእትዬ እልፍነሽ ሁሉንም ነገራቸው። ኩላሊቱ ተሽሎት እንደሆነ አያውቅም፤ ማደንዘዣውን አሳንሶ ከመስጠት በቀር የሚያደርገው የለም።

«በረሃብ ሲያልቅ ከማየው ይሞከር» አሉ። «ቢሞትም አልወቅስህም።»

በቀዶ ጥገናው ጊዜ ዓቢዳ ከውሻው ጎን ተንበርክካ ትንፋሹን ስትከታተል ቆየች። እብጠቱ ወጣ፤ ውሻው ግን አልነቃም። እትዬ እልፍነሽ ስሙን እየጠሩ አንገቱን ይደባብሱት ነበር። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጠሩት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጆሮውን ነቀነቀ፤ ቆይቶም ጭንቅላቱን ቀና አደረገ።

ዮሐንስ ፊቱ አልተፈታም። «ዕድል ነው የረዳን» አለ ዕቃውን እየሰበሰበ። «እንዲህ መሥራት አልፈልግም።»

አቶ አብርሃም ዓቢዳን ሳይጠራት ቀረ። እትዬ እልፍነሽ ሊለምኑላት ቢሄዱ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኙ። ተመልሰው የዓቢዳ ደጅ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብትላቸውም አልገቡም።

«እንጀራሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«አንቱ ጠየቁኝ እንጂ አላስገደዱኝም።»

«ዛሬ ብለምንሽስ ታደርጊው ነበር?»

ዓቢዳ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ወላሂ አላውቅም፣ እትዬ። አስቀድሜ አቶ አብርሃምን እጠይቀው ነበር። እሱም እንቢ ይለኛል።»