ወደ ውጭ የማይወጣ ስም

ኦሪያን እስራኤል ውስጥ አፉላ በምትባል ከተማ ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ ለሰው ድረ ገጽ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። መሀል ከተማ ያለው የጥርስ ሐኪም፣ ጋራዡ፣ የሠርግ አዳራሹ፣ የሁሉም ገጽ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። አማርኛዋ ከእናቷ ከሸዋዓለም አፍ የተለቀመ ስለሆነ ስትናደድ ወደ ዕብራይስጥ ትሻገራለች። ፊደሉን ግን ታውቃለች። በልጅነቷ አባቷ እጇን ይዞ ነው ያስጻፋት፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የአማርኛ ፊደል ባየች ቁጥር የመዳፉ ሙቀት ይመጣባታል።

ነገሩ የተጀመረው በአክስቷ ልጅ በጋያ ነው። ጋያ ታጭታ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ ጥሪ ተበትኖ ሳለ፣ ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ሁለቱ ልጆች በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች ዘንድ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ሠርጉ ፈረሰ። ጋያም ወደ ደቡብ ወርዳ በዚያው ቀረች።

ዘሩን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት የሸዋዓለም አጎት አባ አብተው ነበሩ፤ አፉላ ኢሊት በሚባለው የከተማው ዳገት ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። አሁን ደግሞ መርሳት ጀምረዋል። ትናንት እንደ ውኃ ያወረዱትን የቅድመ አያት ስም ዛሬ ግንባራቸውን ይዘው ይፈልጉታል። እሳቸው ካለፉ ሰባቱ ቤት አብሯቸው ይቀበራል።

ኦሪያን የምታውቀው ድረ ገጽ መሥራት ብቻ ነው። ደግነቱ በዚያው ሙያ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል፤ በሆዱ ብራውዘር ይሸሸግለታል፣ በላዩ የራሱ መስኮት ይደረግለታል፣ አለቀ። ስሞቹ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁለት ሰው ሲመርጡ በስንተኛው ቤት እንደሚገናኙ ያሳያል።

አባ አብተው አላመኑም።

«ይኼ ኢንተርኔት ነው» አሉ፣ ቤታቸው ያስቀመጠችውን ማክሼቭ፣ ኮምፒውተሩን፣ በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ።

«ይመስላል እንጂ አይደለም፣ አባ።»

«ጅብም ውሻ ይመስላል።»

«ቃሌን እሰጥዎታለሁ። አንድ ስም ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ማሽኑም ከውጭ ጋር አይነጋገርም።»

«ቃል!» ሳቁ፤ ሳቁ ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። «እኛ ስንመጣ ሚስራድ፣ መንግሥት ቢሮ፣ ያለች አንዲት ጸሐፊ እንዲህ እየሳቀች ስማችንን ጠየቀች። ወንድሜ ከዚያ ቢሮ ሌላ ስም ተሸክሞ ወጣ። ኋላ ደግሞ አባታችሁ ማን ነው፣ እናታችሁ ማን ናት፣ በእርግጥ አይሁድ ናችሁ ወይ ሲሉን ኖሩ። ዘር በሰው እጅ ከገባ ማነቂያ ነው ልጄ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ቢሆንም ጋያን ይወዷት ነበርና መንገር ጀመሩ፤ በክፉ ዘመን እንደሚሰፈር እህል፣ በጥቂት በጥቂቱ። በሩ ይቆለፋል። መስኮቱ ይዘጋል። የኦሪያን ስልክ ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። ስም ሲናገሩ የሚያዩት ማሽኑን ሳይሆን እሷን ነው።

«ብሩ መንገሻን ወለደ» አሉ አንድ ቀን። «ካሳው የብሩ ታናሽ ነው። ወደ ወገራ ሄዶ በዚያው ቀረ።» ከዚያ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። እሷም ጻፈች።

«የሆነ ነገር ይደብቁኛል» አለቻት እናቷን።

«እሳቸው ጥላቸውንም አያምኑ» አለች ሸዋዓለም።

በሚቀጥለው ስትመጣ ገና ሳትቀመጥ «ዛሬ እፈትንሻለሁ» አሏት። «ኢንተርኔቱን ንቀይው።»

ኦሪያን ደስ አላት። እንዲህ ያለ ፈተና የት ይገኛል! ለቴሌቪዥናቸው የገባውን ራውተር ከግድግዳው ነቅላ ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችውና ፕሮግራሙን ከፈተች። ተከፈተ። ብሩ አለ፣ መንገሻ አለ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ።

ፊደላቸው ግን ሌላ ነው። የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ይመስላል ብላ የመረጠችው፣ ወገቡ ጎበጥ ያለው ፊደል ጠፍቶ፣ በየማስታወቂያው የሚለጠፈው ደረቅ ፊደል ተተክቷል።

ወዲያው ገባት። ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ፊደል የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ገጹ ሲከፈት በኢንተርኔት ከሩቅ ይጠራል። ዕድሜዋን እንደዚያ ስትሠራ ኖራ እዚህም እጇ በልማድ ፊደል የምትጠራዋን ያችኑ መሥመር ጽፏል። ስም አልወጣም። ፕሮግራሙ ግን እሳቸው በር ቆልፈው ሲነግሯት፣ ፊደል ፍለጋ የማያውቀውን ሰው ደጅ ሲያንኳኳ ኖሯል።

«ተከፈተ?» አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከወንበራቸው ሆነው ፊደል አይለዩም።

«ተከፈተ።»

«ስሞቹ አሉ?»

«አሉ።»

ፊታቸው መፈታት ጀመረ። ይህን ፊት አይታው አታውቅም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ኋላ ሳያዩ ታስተካክለዋለች፣ አለቀ። ብትናገር ግን አፋቸውን ይዘጋሉ፤ የቀሩት ስሞች አንድ ባንድ ይረሳሉ።

«አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ሳላውቅ ነው። ስም አልወጣም። ፊደሉን ግን ማሽኑ ከውጭ ነበር የሚያመጣው። ይነጋገር ነበር።»

ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አሁን አየሁት።»

«እኔስ አይቼው ነበር?»

«አላዩም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ?»

«ቃል ሰጥቼ ነበራ።»

ኦሪያን ያችን መሥመር ፈልጋ አጠፋቻት። ፊደሉ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። አያምርም፤ ነገር ግን ከቤት የተገኘ ነው።

«አጠፋሽ?»

«አጠፋሁ።»

«እንግዲያው ካሳውንም አጥፊልኝ።»

«የብሩን ታናሽ?»

«ብሩ ታናሽ የለውም። ካሳው የሚባል ሰውም የለም፤ ከአፌ የወለድኩት እኔ ነኝ። ስሙ ዞሮ ዞሮ ከሞዓዶኑ፣ ከመሰብሰቢያው ቤት፣ ሽማግሌዎች ወይ ከአውቶቡስ ጣቢያ ወሬኛ ወደ ጆሮዬ ቢመለስ፣ ሌባዋን አውቃታለሁ ብዬ።»

ኦሪያን ሳቋ አመለጣት። «ተመለሰ?»

«እስካሁን አልመጣም» አሉ ሳይስቁ። «አሁን ጻፊ። የብሩ እናት…» ብለው አቋረጡ። ግንባራቸውን ያዙ። ጠበቀች።

«እናንዬ» አሉ በመጨረሻ። «እናንዬ ነበር ስሟ። ይቺ እውነተኛ ናት።»

ጻፈችው። ከዚያ ራውተሩን ልትመልስ እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

አባ አብተው ገመዱን መዳፋቸው ላይ ጠቀለሉት። «እሱ እዚሁ ይቆይ» አሉ።