የንብ ደብተር ጠባቂ

ንፋስ መውጫ ላይ የቀበሌውን የንባብ ክፍል እንድጠብቅ ሲመድቡኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናው ስላልቀናኝ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ክፍሉ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ነበረው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት የሚያነሣ ሰው ስለማይገኝ አቧራቸውን ማራገፍ ዋናው ሥራዬ ሆነ።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች የለመዱት እንዳይጠፋቸው ተብሎ አንድ ወፍራም ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ማንም ገብቶ የፈለገውን ይጽፋል፤ ሌላው ያነብና ከሥሩ ይመልስለታል። ገጾቹ በሙሉ ቁጥር አላቸው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ የቀበሌው ማኅተም አርፏል። ሊቀ መንበሩ ሲያስረክበኝ፣ «አንድ ቅጠል ብትጎድል የምጠይቀው አንቺን ነው» አለኝ። ያኔ ነገሩን ቀላል አድርጌ ነበር የሰማሁት።

መጀመሪያ ሰው የሚጽፈው ስሙን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው አንዲት እናት፣ እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ጨብጠው «ንቤ ኮበለለብኝ ምን ላድርግ» ብለው ጻፉ። እሑድ ሳይደርስ ሦስት መልስ ተጻፈላቸው። አንዱን የጻፉት የድጓ ትምህርት ቤት ካለባት ከቤተ ልሔም መጥተው በከተማው ደብር የሚያገለግሉት መሪጌታ ናቸው፤ ባዶውን ቀፎ በወይራ አጥነው ከነበረበት ቦታ እንዲሰቅሉት መከሩ። ሌላውን የጻፈው ገበያው አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሦስተኛውን የጻፈው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሲሆን፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ንግግሩም ለስላሳ፣ ለሁሉም ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ የንብ ሆነ። የትኛው አበባ ማሩን እንደሚያነጣ፣ ጉንዳን በምን እንደሚከለከል፣ ማር የሚቆረጠው በስንተኛው ወር እንደሆነ ይከራከሩበታል። እኔም አባቴ ቀፎ ሲያጥን እያየሁ ያደግሁ ነኝና ክርክሩ ይጥመኝ ነበር። የደፈረሰውን አጠራለሁ፤ ነገር የከረረ እንደሆነ «ወደ ንቡ ተመለሱ» ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ስከፍት ወደ ግራ ያጋደለ፣ ሆን ተብሎ የተንሻፈፈ የእስክሪብቶ ጽሕፈት አገኘሁ። ከእማማ ጥያቄ ሥር ነው የተጻፈው። «ንቡ የኮበለለው ጽሕፈትሽን አይቶ ነው» ይላል። እማማ በዚያው ቀን መጡና እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ስድብ መሆኑ የገባቸው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንዲያው ይሁን» ብለው ወጡ።

ሰውየው በዚያ አላበቃም። በመሪጌታው ስም ልብስ ሰፊውን «አንተ መርፌህን ያዝ» ብሎ ሰደበው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ወደ ደብሩ ሮጠ። መሪጌታው እጃቸውን በመስቀል ላይ አድርገው እስኪምሉለት ድረስ አላመነም። እኔ በካርቶን ላይ ሁለት ደንብ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ የሚጽፍ ሰው እፊቴ ይጻፍ፣ ስም ለሌለው ጽሑፍ ማንም አይመልስ። እስክሪብቶውንም ደበቅሁት። ሁለት ሳምንት ጸጥ አለ። በራሴ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ያው የተንሻፈፈ ጽሕፈት ተመለሰ። አሁን ግን የተናገረው ሌላ ነገር ነበር። «አውራ የምትሉት ንብ ንጉሥ ማለት ነው። ንጉሥ ያለው ማኅበር አድኃሪ ነው። ቀፎ ያለ ንጉሥ አይኖርም የሚል ካለ ይናገር» ይላል። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነው።

ከሥሩ መልስ ተጽፎ ነበር። ውሃ ልቀዳ በወጣሁበት ሰዓት እማማ ገብተው ኖሯል። ደንቡን ረስተውታል፤ ወይም ስለ ንብ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሲያጣ አላስችል ብሏቸዋል። በትልልቅ የእርሳስ ፊደል፣ «አውራው የተገደለበት ቀፎ ማሩን በልቶ ይበተናል። በዓይኔ አይቻለሁ» ብለዋል። ከሥሩ ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፈዋል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። በሠፈራችን አንድ አስተማሪ ነበር፤ ሰርግ ላይ በተናገራት አንዲት ስንኝ ተወስዶ ስምንት ወር ቆይቶ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነው። እሱ የተናገረው ግጥም ነበር፤ አየር ላይ የቀረ። የእማማ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ከነስማቸው ተቀምጧል። ንጉሡ ምን እንደሆኑ አገር ያውቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ስለ ንብ ነው የሚል ካድሬ አይገኝም።

ቅጠሉን ልቅደደው ብል ቁጥሩ ይጎድላል። ልተወው ብል ሊቀ መንበሩ በወሩ መጨረሻ ደብተሩን እየገለጠ ያያል፤ የቀረው አምስት ቀን ነው። ደብተሩን ቆልፌ ወደ መሪጌታው ሄድሁ። ከደብሩ አጥር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ነገሩን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ዳዊቱን አጠፉና ግራ ቀኝ አዩ።

«የኔታ፣ ማን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን የፊተኞቹን ስድቦች በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሳቱን ሰና ንጉሡን ሠ አልቀላቀለም፤ ሐመሩንም ሐ በቦታው ጽፎታል። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ እጅ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይህን ሌላ ሰው ካስተዋለው የሚጠረጥረው እኔን ነው» አሉኝ።

«እርሳስ ነው አይደል የሴትዮዋ?»

«እርሳስ ነው።»

«እንግዲያ ይጠፋል» አሉና እንደገና ዳዊታቸውን ገለጡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ገበያ ስለሆነ ወደ ንባብ ክፍሉ የሚመጣ ሰው የለም። ከመደርደሪያው ኋላ ጎንበስ ብዬ የወደቁ መጻሕፍት ስሰበስብ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ድሬሰሩ ነው። ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ገጽ ሠላሳ አንድን አወጣ። ከኪሱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ የእማማን ቃል መገልበጥ ጀመረ።

ቀና ስል መጻሕፍቱ ከእጄ ወደቁ። ዞረ። አልደነገጠም፤ የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው።

«አየሽኝ» አለ።

«ያንን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ልጅ ሆኜ ድጓ ተምሬአለሁ። ከዚያ ትቼ መርፌ መውጋት ተማርሁ። እዚህ ስመጣ ጠሩኝና የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያወራ በየወሩ ንገረን አሉኝ። ስለ ንብ ነው የሚያወሩት አልኳቸው። በመጀመሪያው ወር ሳቁ። በሁለተኛው አልሳቁም። ወይ አንተ ደብቀሃል፣ ወይ አንተም ከነሱ ነህ አሉኝ።»

«ስለዚህ ሰውን እርስ በርስ አጣሉ?»

«ሰው ሲናደድ ይናገራል ብዬ ነበር። የጠበቅሁት መሪጌታውን ነው። እኒህ ሴትዮ ይመልሳሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«የጻፉት ስለ ንብ ነው።»

«አውቃለሁ። ያ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ወረቀቱን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። አልሰጠኝም። ደብተሩ ላይ ያለ ነገር እሱ ወረቀት ላይ ካልተገኘ ውሸታም ሊባል እንደሚችል፣ ውሸታም የተባለም የት እንደሚሄድ ነገረኝ። ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሰኞ ነው የምሄደው። እስከዚያ አንቺ የምታደርጊውን እኔ አላየሁም» አለና ወጣ።

እርዳታ ይሁን ማስፈራሪያ መለየት አቃተኝ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ላጲስ አነሣሁ።

ማጥፋቱን ቀላል አድርጌው ነበር። እማማ ግን እርሳሱን አጥብቀው የሚይዙ ናቸው፤ ፊደሉ ጠፍቶም ዱካው ወረቀቱ ውስጥ ቀረ። «የተገደለበት» የሚለው ቃል ላይ ወረቀቱ ሊበሳ ትንሽ ሲቀረው እጄን ሰበሰብሁ። ያ ጽሕፈት ባል ቀብረው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ፊደል ቆጥረው፣ ከስማቸው ሌላ በእጃቸው ከጻፉት ጥቂት ነገር አንዱ ነው። እኔ ዱቄት አድርጌ በእጄ ጠረግሁት። በላዩ ላይ አጠንክሬ፣ «ቀፎ ሲታጠን ጢሱ ከበዛ ንቡ ይታፈናል» ብዬ ጻፍኩበትና ስሜን አስቀመጥሁ።

ሊቀ መንበሩ ወር እስኪሞላ አልጠበቀም፤ ማክሰኞ መጣ። ብቻውን ነበር። ድሬሰሩ ሰኞ መሄዱን ስለማውቅ አንድ ነገር ሰምቶ እንደመጣ ቆጠርሁት። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። ደብተሩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደውና ወረቀቱን አጋደለው።

«ይህን አውራ ንጉሥ ነው የሚለውን ማን ጻፈው?»

«ስም የለውም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የመለሰለት ሰው የለም?»

«የለም።»

አውራ ጣቱን ባጠፋሁበት ቦታ ላይ ቀስ እያደረገ አስኬደው። «እዚህስ ምን ነበር?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ጽፌ አጥፍቼው ነው።»

«ንብ አለሽ?»

«አባቴ ነበራቸው።»

«ጢስ ሲበዛ ንብ ይታፈናል የሚሉት አባትሽ ናቸው?»

«አዎ» አልኩ። አባቴ እንደዚያ ብሎ ያውቅ እንደሆነ ዛሬም አላስታውስም።

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰው። እሱም የገጠር ልጅ ነው፤ ቀፎ ሳያይ አላደገም። በመጨረሻ ማኅተሙን ገጹ ግርጌ ላይ መታና፣ «ከእንግዲህ ስለ ንብ አይጻፍ። ስለ ምርት ይጻፍ» አለ። ሲወጣ በሩን ሳይዘጋው ሄደ። ዱካውን አንብቦት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

እማማ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ከገጠር የመጡ እህታቸውን አስከትለዋል፤ በእጃቸው የጻፉትን ሊያሳዩአቸው ነው። ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ገለጡ፣ ገለጡና ሠላሳ አንድን አገኙት። የጻፉት የለም።

«ልጄ፣ የኔስ?»

በእህታቸው ፊት መናገር ፈራሁ። «ውሃ ፈሶበት ነው፣ እማማ» አልኩ። ወረቀቱ ደረቅ ነው። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እንደሚያስኬዱት ሁሉ በባዶው ቦታ ላይ አስኬዱት፤ ዱካውን አገኙት። አዩኝ። ደብተሩን ራሳቸው ዘጉት። እህታቸው እንዳይሰሙ ጠጋ ብለው፣ «ክፉ ነገር ጻፍኩ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጻፉም። እውነት ነው የጻፉት።»

ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። እህታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ስንገናኝ ስመው ነው የሚሰናበቱኝ፤ ወደ ንባብ ክፍሉ ግን አልተመለሱም፤ እርሳስም ሲይዙ አላየሁም። መሪጌታውም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ። ስለ ምርት የጻፈ ሰው አልነበረም። ደብተሩ ክረምቱን ሙሉ እንደተዘጋ ቆየና ሊቀ መንበሩ ሰው ልኮ አስወሰደው።

ድሬሰሩን ወደ ወገዳ አዛወሩት። እድገት ነው ያሉ አሉ፤ ቅጣት ነው ያሉም አሉ። ሲሄድ አልተሰናበተኝም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ለዘመድ ለቅሶ እስቴ ሄጄ ገበያው መካከል አገኘሁት። ሸብቷል። ትንሽ የመድኃኒት መደብር ከፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። እሱ ነው ቀድሞ ያወቀኝ።

«ያንን ወረቀት አልሰጠኋቸውም» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «እምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ስለ ንብ ነው የሚያወሩት ብዬ ነገርኳቸው፣ እንደገና።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወገዳ» አለና ፈገግ አለ። ከላይኛው ጥርሱ ሁለቱ የሉም።

ላምነው ፈለግሁ። እማማ ሳይነኩ ቀርተዋል፤ ይህ ብቻውን ምስክር ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማክሰኞ ዕለት ሊቀ መንበሩን ያመጣው ምን እንደነበር ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ተሰናብቼው ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ወንበሬን እስክይዝ ድረስ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።