የሁለቱ ብቸና ለፋፊ

አቶ ይርሳው የብቸና እድር ለፋፊ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ፣ አንድም ቀን በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብለው ለፍፈው አያውቁም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሚምታታበት ለፋፊ አለ። ገና በጣር ላይ ላለ ሰው ቀብር የሚጠራም አለ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ ሟቹ ቤት ገብተው፣ ፊቱን ገልጠው አይተው፣ ሦስት ጊዜ በስሙ ጠርተው ነው ጥሩምባውን ከትከሻቸው የሚያወርዱት። “ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ተቀይሟል፤ የተቀየመ ደግሞ ፊቱ ያስታውቃል” ይላሉ።

ዓምና እድሩ ልዘምን አለ። ጸሐፊው ዘመነ የአባላቱን ስልክ ቁጥር ሰብስቦ አንድ የቴሌግራም ቡድን አቋቋመ፤ ከእንግዲህ ሞት በስልክ ይነገራል ተባለ። የእድሩ ዳኛ አለቃ ሀብተ ሥላሴ ስልክ ባይዙም ነገሩን አልተቃወሙም። የለፋፊው ነገር በጥር ስብሰባ እልባት ያገኛል፤ እስከዚያው ጥሩምባው አቶ ይርሳው ዘንድ ይቆይ ብለው ዘጉት።

አቶ ይርሳው ወደ ቤታቸው ሄደው ጥሩምባውን ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንታነሽ ቀና ብለው አዩትና፣ “ለእኔ ይነፋልኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ” አሉ።

በዚህ መካከል ነው ባንቺዓለም የመጣችው። ባንቺዓለም ከመናኸሪያው ጎን ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት ያላት፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች ጠንካራ ሴት ናት። በኢንተርኔት ውስጥ ስላለ አንድ አገር ነገረቻቸው። ሰው በዚያ አገር በምስል ይገባል፤ ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ይጫወታል። ብቸና የተቀመጠና የጁቤ የተቀመጠ ሰው ያለ መኪና ይገናኛሉ። እሷና ጓደኞቿ እዚያ ውስጥ ሌላ ብቸና ሠርተዋል፤ ገበያው አለ፣ ዳገቱም ሳይቀር አለ። የሞጣ ሰዎች ደግሞ ሞጣን ሠርተው በአንድ ድልድይ አገናኝተውታል፤ ከብቸና ሞጣ አርባ እርምጃ ነው።

ችግሩ ሰው ነበር። ደቦ ይጠራል፣ የፈረስ ግልቢያ ይጠራል፤ ጥሪው በጽሑፍ ይላካል፤ ሁሉም “አየሁት” ብሎ ይመልሳል፤ የሚመጣ ግን የለም። ለመጨረሻው ግልቢያ አንድ ፈረሰኛ ብቻ መጥቶ ብቻውን ጋለበ፤ ዳኛው ስላልመጣ ማሸነፉ እንኳ ሳይረጋገጥ ቀረ።

“ጋሼ ይርሳው፣ እባክዎ ሰው ይጥሩልኝ” አለች።

“የሞተ አለ?”

“የለም። ጨዋታ ነው።”

“ለጨዋታ ጥሩምባ አይነፋም።”

“ሰው ካልመጣ አገሩ ይዘጋል፤ ባዶ የሆነ ቦታ ባለቤቶቹ ያጠፉታል።”

አቶ ይርሳው አሰቡበት። የአንድ ሰው ሞት የሚለፈፍ ከሆነ የአገር ጣር ዝም አይባልም። ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏት።

እዚያ አገር ለመግባት መጀመሪያ ገላ መምረጥ ያስፈልጋል። ባንቺዓለም ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ አሳየቻቸው። አንዱ ጠጉሩ አረንጓዴ ነው፤ ሌላው ሸሚዝ የለውም፤ ሌላው ደረቱ የበሬ ያህላል። አቶ ይርሳው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ጎረምሳ መስለው ሰው ፊት እንደማይቆሙ ነግረው፣ ሽበት ያለው ካለ እንድትፈልግ አዘዟት። ብትፈልግ ብትፈልግ ሽበት ያለው አንድ ድብ ብቻ ተገኘ። ትልቅ፣ ግራጫ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ፊቱ ላይ ትዕግሥት የሚታይበት ድብ ነው። አቶ ይርሳው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ “ጋቢ ካለበሳችሁት ጨዋ ይመስላል” አሉ። ጋቢ ሠሩለት። ጥሩምባም ሰጡት።

ሥራውን እንደ ለመዱት ያዙት። ባንቺዓለም ለሁሉም ባንድ ጊዜ የሚያሰማ ቁልፍ ብታሳያቸው፣ “ስልኩም ይህንኑ ነበር የሚለው” ብለው አልነኩትም። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ ጣት ድቡን እያራመዱ፣ ቤት ለቤት ዞሩ። በየደጁ ቆመው ነዋሪውን በስሙና በአባቱ ስም ጠሩት። ውሻ ባይኖርም ከደጁ ሦስት ክንድ ራቁ። ብቸናን ለማዳረስ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀባቸው።

በማግስቱ ለጤፍ አጨዳው ደቦ ከመቶ ሰው በላይ መጣ። አንዱን ምን ነካህ ብለው ቢጠይቁት፣ ድብ ደጅህ ቆሞ በአባትህ ስም ከጠራህ አለመምጣት አይቻልም አለ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም መንደር ሰው አቶ ይርሳው ካልጠሩት የማይነቃነቅ ሆነ።

ገና ሲደርስ ብቸናና ሞጣ በዚያ አገር የገና ጨዋታ ሊገጥሙ ተቀጣጠሩ። አቶ ይርሳው የብቸናን ሰው ጠርተው ጨረሱ። በዋዜማው ጧት ባንቺዓለም ቀለም ልትገዛ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ቤቱን ለእሳቸው አደራ ሰጠች። እሳቸውም ተጋጣሚ ሳይጠራ መቅረት የለበትም ብለው ድልድዩን ተሻገሩ፤ መጀመሪያ ወደ ሞጣ ቡድን አለቃ ቤት አመሩ።

አለቃው አካለ ወልድ ይባላል። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከአርሲ ተመድቦ ሞጣ ከመጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አላገባም፤ ዘመድም በአካባቢው የለውም። ምስሉ ቀይ ቆብ ያደረገ ረጅም ሰው ነው። አቶ ይርሳው ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ እጁን ለሰላምታ አንሥቷል።

ድቡ ጎንበስ አሉ። አካለ ወልድ እጁን አላወረደም። ሰላምታ ያልጨረሰን ሰው ጥሎ ቀና ማለት ነውር ነውና ድቡ እንደገና ጎንበስ አሉ። እንደምን ሰነበትክ አሉት። ተማሪዎቹ ደኅና መሆናቸውን ጠየቁት። እጁ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አርሲ አዝመራ ጠየቁት። ይህን ያህል አክብሮት ከአንድ መምህር አይተው ስለማያውቁ ልባቸው ተነካ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ፣ የሚያጎነብሰው ድቡ ቢሆንም የገዛ ወገባቸውን አመማቸው።

ያን ጊዜ ነው የተጠራጠሩት።

“አካለ ወልድ” ብለው ጠሩ። ዝም። ሁለተኛ ጠሩ። ሦስተኛ ጠሩ። ቀርበው ፊቱን አዩት፤ ቅያሜ የለበትም። ዐይኑ ተከፍቷል፤ ትንፋሽ የለም። ያስቸገራቸው መቆሙ ነበር። ቆሞ የሞተ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት አላጋጠማቸውም። ይሁን እንጂ ጋቢ የለበሰ ድብም አላጋጠማቸውም ነበር። በአጥሩ በኩል የቢራቢሮ ክንፍ ያላት ጎረቤት ብቅ ስትል፣ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቋት።

“ከትናንት ጀምሮ እንደቆመ ነው” አለቻቸው።

እውነቱ ሌላ ነበር። አካለ ወልድ ጉንደ ወይን ክርስትና ተጠርቶ፣ የሚወስደው መኪና ደጁ ላይ ሲጮህ፣ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ብድግ ብሎ ወጥቷል። በዚያ አገር ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ሰውየው የሄደበት ምስል በነበረበት ይቆማል። ይህን ለአቶ ይርሳው የነገራቸው አልነበረም። ጎረቤትየዋም የምታውቀው ቢሆንም፣ የአቶ ይርሳው ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ከራሷ እውቀት ይልቅ ጥሩምባውን አመነች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልዋሸ ጥሩምባ ነዋ።

“ያልሰማህ ስማ! የሞጣው አካለ ወልድ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። ለገና የተጠራህ ለልቅሶ ና።”

እኩለ ቀን ሳይሆን በዚያኛው ሞጣ ድንኳን ተተከለ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ምስል መጣ። ፈረስ አለ፣ የብረት ሰው አለ፣ ወንበር ሆኖ የመጣም አለ፤ በሱ ላይ የተቀመጠ የለም፣ ለቀስተኛ ነውና። የሞተው እጁን እንዳነሣ መካከል ቆሟል። ሰዉም እየመጣ እጅ ይነሣዋል።

ከለቀስተኞቹ አንዷ የአካለ ወልድ ባልደረባ ነበረችና ስልኩ ላይ ብትደውል ዝግ ነው። ቤቱ ቢሄዱ ተቆልፏል። ጉንደ ወይን እሄዳለሁ እንዳለ ያስታወሰ አንድ መምህር ተገኘ፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ነው ያረፈው፣ አስከሬኑ ከዚያ ይመጣል ተባለ። በእውነተኛው ሞጣም ድንኳን ተተከለ።

አካለ ወልድ አመሻሹ ላይ ከመኪና ወርዶ፣ ከአቧራው በነጠላ ተሸፋፍኖ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ድንኳኑን አየ። ልቅሶ አልፎ አይሄድምና ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ንፍሮ ተሰጠው። ከጎኑ ያሉትን ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ ማን እንዳረፈ ጠየቃቸው።

“አንድ መምህር ነው ልጄ፣ ፊዚክስ የሚያስተምር። ሰው የለውም ይሉት ነበር፤ እይ እንግዲህ ሰዉን።”

“ስሙ ማነው?”

“አካለ ወልድ።”

በሞጣ ሌላ አካለ ወልድ የሚባል የፊዚክስ መምህር መኖሩን አያውቅም ነበር፤ ብዙ አሰበ። ቢነሣ ልቅሶ ማፍረስ ሆነበት፤ ቢቀመጥ ራሱን መቅበር ሆነበት። ንፍሮውን ጨረሰ። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ሊያጽናኑ ሲዞሩ ፊቱን አዩትና ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ወደቁ።

ወሬው ብቸና ለመድረስ አርባ እርምጃም አልፈጀበትም። የጥር ስብሰባ ሲደርስ ዘመነ ደንቡን ይዞ ተነሣ። ደንቡ አጭር ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ የለፈፈ ለፋፊ ጥሩምባውን ያስረክባል። አቶ ይርሳው የጥሩምባውን አፍ በጋቢያቸው ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ሦስት ጊዜ ጠራሁት። አልመለሰም። ሌላ የምለው የለኝም።”

አለቃ ሀብተ ሥላሴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሩ ተከፈተና አካለ ወልድ ገባ። በጧቱ መኪና ከሞጣ ተነሥቶ ነው የመጣው። አቶ ይርሳው ሊከሳቸው የመጣ መሰላቸው፤ ቢሆንም ተነሥተው ጎንበስ አሉለት፤ በሕይወት ስላለ ደስ ብሏቸዋል።

“እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞጣ ተቀምጬ ብሞት የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር” አለ። “እኝህ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዝመራዬን ሲጠይቁኝ ነው የቆዩት። የዚያኛው አገር ጎረቤቴ በአጥር ሰምታ ነግራኛለች። በቁሜ ሳለሁ እንኳ እንዲህ የጠየቀኝ የለም። ጥሩምባውን አትውሰዱባቸው።”

ዘመነ ግን ደንብ ደንብ ነው አለ። አለቃ ሀብተ ሥላሴ ጢማቸውን ይዘው ፈረዱ። ልፈፋው የተደረገው በዚያኛው አገር ስለሆነ፣ የሚረከበው ጥሩምባም የዚያኛው አገር ነው፤ ርክክቡም እዚያው ይደረግ አሉ።

ስለዚህ አለቃ ሀብተ ሥላሴ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዘመነና አቶ ይርሳው ወደ ባንቺዓለም ቤት ወረዱ፤ አካለ ወልድም ተከተላቸው። ገላ ምረጡ ተባሉ። አለቃውና ሽማግሌዎቹ ሽበት የሌለው አንለብስም አሉ፤ ዘመነ ጠጉሩ አረንጓዴ የሆነውን ለበሰ። ሦስት ግራጫ ድቦች በዚያኛው ብቸና ገበያ ቆመው አቶ ይርሳውን ጠበቁ። አራተኛው ድብ ጥሩምባቸውን ይዘው መጡ። አራቱም ተጎነባበሱ።

“የእድር ዕቃ ያለ ምስክር አይረከብም” አሉ አለቃው ድብ። “ሰዉ የታለ?”

ዘመነ ለሁሉም የሚያሰማውን ቁልፍ ተጫነ። ጠበቁ። ሦስት ሰው “አየሁት” ብሎ መለሰ። የመጣ የለም። ደግሞ ተጫነ። ሁለት ሰው ጨመረ፤ እነሱም አይተውታል። ድቦቹ በባዶው ገበያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሙ። የአንደኛው ሽማግሌ ድብ መዞር አቅቶት ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

“ይርሳው” አሉ በመጨረሻ አለቃው፣ “እስቲ ጥራቸው።”

“ጥሩምባዬን ላስረክብ ነው የመጣሁት።”

“ታስረክባለህ። መጀመሪያ ጥራቸው።”

አቶ ይርሳው ድባቸውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። አልቸኮሉም። ድልድዩንም ተሻግረው ጠሩ። ሲመለሱ ገበያው ሞልቷል፤ ፈረሱም፣ የብረት ሰውየውም፣ ወንበሩም መጥቷል። የገና ጨዋታው ሳይደረግ ስለ ቀረ ዱላቸውን ይዘው የመጡም ብዙ ናቸው።

አለቃው ድብ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩ።

“ጥሩምባውን የሚቀበል ማነው?”

ሁሉም ወደ ዘመነ ዞረ። ዘመነ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ማየት ጀመረ።

“ተቀባይ የሌለው ርክክብ የለም” አሉ አለቃው። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አንሥተው ከጎናቸው ወደ ተቀመጡት አቶ ይርሳው ዞሩ። “እድሩ ጠረጴዛ ላይ የተውከውንም ስታልፍ አንሣው፤ አቧራ ይጠጣል።”

አቶ ይርሳው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ወደ ገበያው ተመለከቱ። የገና ጨዋታው ኳስ፣ ሩሩ፣ በገበያው መካከል ተቀምጦ ነበር። በወዲያኛው በኩል፣ እዚያው ባንቺዓለም ቤት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የገባው አካለ ወልድ፣ በቀይ ቆቡ ብቅ አለና እጁን አነሣ። ድቡ ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ እንዳሉም ጠበቁ።

አካለ ወልድ ቶሎ ብሎ እጁን አወረደ።