ሰፊዋ ነጥብ

ኪኑኤ ሃቶሪን የማያውቅ ሰው በእኛ ሰፈር የለም። ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ትኬት ሸጣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ በብስክሌት እየዞረች የጎረቤቱን ኮምፒውተር ታክማለች። ለድካሟ ሁለት የሩዝ ብስኩት ይበቃታል። አንድ ሕግ ግን አላት፦ የሰው ደብዳቤ አታነብም፤ አድራሻውን ብቻ ታያለች። ይህን ታሪክ ራሷ ነገረችኝ። አቤት! እስክጽፈው እንዴት እንደቸኮልኩ፤ እየጻፍኩም ክንዴን ውርር ያደርገኛል።

በሰኔ ዝናብ፣ ከቀትር በኋላ፣ ማበጠሪያ ሠሪው ሙራሴ አስጠሯት። ሚስታቸው ሳዮ ከሞቱ አርባ ስምንት ቀን ሆኗል። ነገ አርባ ዘጠነኛው፣ በእኛ ልማድ የሟች ነፍስ ቤቷን ተሰናብታ የምትሄድበት ቀን ነው።

“ስሚው” አሏት።

የሳዮ ኮምፒውተር ጧ! አለ። *አልተላከም* የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

“በየአሥር ደቂቃው እንዲህ ነው። ሳትሞት ለቺናሚ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ከእኔ ተጣልታ የወጣችው ልጃችን እኮ! ለቀብሩም አልመጣችም። ነገ ሳይደርሳት ከቀረ፣ ሳዮ ከዚህ ቤት አትወጣም።”

“ለምን አላጠፉትም?”

“አጥፍቼው ነበር። ጠዋት በርቶ አገኘሁት።”

“እርስዎ ደግሞ! ማበጠሪያ መሥራት እንጂ ኮምፒውተር ማጥፋት መቼ ያውቁና!”

ኪኑኤ እየሳቀች ኮምፒውተሩ ፊት ባለው የሳዮ መከዳ ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ቆመ። መከዳው ሞቋል።

“አሁን እዚህ ተቀምጠው ነበር?”

“እኔ? ከሞተች ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።”

ሥራዋን ጀመረች። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። የመላኪያው ሰርቨር ስምም አልተሳሳተም። ለራሷ አንድ መሞከሪያ ደብዳቤ ላከች፤ ወዲያው ሄደ። እንግዲያው ጥፋቱ ከደብዳቤው ነው። የቺናሚን አዲስ አድራሻ ሳዮ ራሳቸው ነበሩ የጻፉት። ኪኑኤ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየች።

ነጥቧ ሰፊ ናት!

በእኛ ኮምፒውተር ሁለት ነጥብ አለ፤ ሰፊዋ ለጃፓንኛ ጽሑፍ፣ ጠባቧ ለኢሜይል። ለዓይን እህትማማች ናቸው። ሳዮ ወደ ጠባቧ መቀየር ረስተው ነው።

“ይቺን ነው ሳዮ አርባ ስምንት ቀን የለመነችን?” አሉ ሙራሴ።

ኪኑኤ ሰፊዋን አጥፍታ ጠባቧን ጻፈችና ላከች። ሁለቱም ጠበቁ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ጧ የለም።

ስልኩ ጮኸ። ሙራሴ አነሱና ለኪኑኤም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

“አባዬ፣” አለች ቺናሚ፣ እያለቀሰች። “የእማዬ ደብዳቤ አሁን ገባልኝ። ነገ እመጣለሁ። ግን አባዬ… መጨረሻው ላይ፣ ‘ኪኑኤ ካልሲዋ ረጥቦ ተቀምጣለች፣ ሻይ አፍላላት በይው’ ይላል። ኪኑኤ እዚያ አለች እንዴ?”

ኪኑኤ እግሯን አየች። ከካልሲዋ የዝናብ ውኃ ይንጠባጠባል።

ሙራሴ የሻይ ውኃ ሊጥዱ ተነሱ። ኪኑኤም ቀስ ብላ ከመከዳው ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“ይቅርታ እትዬ ሳዮ” አለች፣ “ቦታዎን ይዤብዎት።”