ገዳም የተባለው እርሻ

በዚያ ዓርብ የነበርነውን አስቀድሜ ልጥራ። አንደኛ እኔ፣ ከነብስክሌቴ። ሁለተኛ አቡ ሃሙር በሚባለው የዶሃ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ ይኖር የነበረው የጸሎት ኅብረታችን ወንድም፤ እሱ ያለው ጠዋት ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛ የከብት ሣር ሲያጭድ ያገኘሁት የባንግላዴሽ ሰው። አራተኛ የእህቴ አሠሪ ማዳም፣ አምስተኛ ሾፌሯ። በመጨረሻ ታላቅ እህቴ። እታለም ነው የምላት።

እታለም ዶሃ ከገባች ወራት አልፈው ነበር፤ እኔ ግን አላየኋትም። ከአገር ስወጣ እንደተለያየን ነን። ሰው ቤት ስለምትሠራ ማዳም ከግቢ አታስወጣትም፤ ድምጿን የምሰማው ስልክ ሲፈቀድላት ነው። ሐሙስ ዕለት ደወለች። ቤተሰቡ ከከተማ ውጭ ያለው እርሻው ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠቅልሎ ወደ ሳውዲ ይሻገራል፤ እሷም አብራ ትሄዳለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእርሻው ከመነሳታቸው በፊት በሩ ላይ ከደረስኩ እንድታየኝ ማዳም ፈቅዳለች።

«እርሻው የት ጋ ነው?»

«በአል ኾር መንገድ ወጥተህ፣ ማደያው ጋ ወደ ግራ ነው አሉ። ከዚያስ ብዬ ሾፌሩን ብጠይቀው ‹ገዳም መስጂድ› አለኝ። አዛኑ ይሰማኛል፤ ገዳሙን ግን በዚህ ግንብ ውስጥ ሆኜ በምን ልየው?»

ሳቄ አመለጠኝ። «እታለም፣ ኳታር ውስጥ የምን ገዳም ነው?»

«አንተማ ጴንጤ ሆነሃል። ገዳም ባጠገብህ ቢያልፍ በምን ታውቀዋለህ!»

ገዳም ሳይሆን ጊዳም እንደሆነ፣ በዐረብኛ ወደ ፊት ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ዐረብኛ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሱቅ ጽሑፍና ከፎርማን ስድብ የለቀምኩት ነው። ስለዚህ መስጊዱን አልፎ ወደ ፊት መንዳት ነው አልኳት፣ እርግጠኛ ሆኜ።

ጎሕ ሲቀድ ብስክሌቴን ከግድግዳ ሳነሳ የክፍል ጓደኛዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ኅብረት አትመጣም?»

«እህቴን ላያት ነው።»

«በዚች?» ብርድ ልብሱን መልሶ ተከናነበ። «ያላ፣ እጸልያለሁ። ላንተ አይደለም፣ ለጎማዋ።»

ዶሃ መሃል ዌስት ቤይ ላይ ገና ክሬኑ ከፎቁ የሚበዛበት ዘመን ነበር። ከተማውን ስጨርስ ፀሐይ ወጣች፤ ነፋሱም አብሮ ተነሳ፣ ከሰሜን፣ ፊቴ ላይ። ብስክሌቷ ማርሽ የሌላት የቻይና ብረት ናት። ቁልቁለት በሌለበት አገር ነፋስ ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ዳገት ይሆናል። ድንጋይ የጫኑ ሲኖትራኮች ባለፉ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ይስቡኛል፣ ቀጥለው ወደ ጠጠሩ ይገፉኛል። ሻሼን እስከ ዓይኔ ጠቀለልኩ፤ አሸዋው ግን ጥርሴ ውስጥ ነበር። ማደያው ጋ ወደ ግራ ስታጠፍ ጉልበቴ መታጠፍ እየጠላ ነበር። ግራና ቀኝ ነጭ ጠጠር፣ አልፎ አልፎ የእርሻ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የቴምር ዛፍ አናት። ሌላ የሚታይ ነገር የለም። መዝሙር ልዘምር ሞከርኩ፤ ትንፋሼ ለፔዳሉና ለመዝሙሩ አልበቃ አለ።

መስጊዱ ትንሽ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ነው። ከደጁ የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን አለ፣ የብረት ኩባያው በሰንሰለት የታሰረ። አንገቴን ሳላቀና ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ፣ ወደ ፊት ቀጠልኩ።

ወደ ፊት ምንም አልነበረም። አስፋልቱ አለቀ፤ ጠጠሩ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ተቀምጬ ስለጥፍ ሙጫው ጣቴ ላይ ደረቀ። ነፍቼ እንደገና ነዳሁ። መንገዱ አንድ እርሻ ጋ ሲያበቃ ነው በርሲም የሚሉትን ሣር የሚያጭደውን ሰው ያገኘሁት።

«ጊዳም መስጂድ?» አልኩት።

«መስጂድ ወራ፣ ሰዲቅ!» መስጊዱ ከኋላህ ነው፣ ወዳጄ። ግራ መጋባቴን ሲያይ ማጭዱን ጥሎ ሁለት መዳፎቹን ፊት ለፊት አቆመ፤ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤት።

ጊዳም ለመንገድ ሲሆን ወደ ፊት፣ ለቤት ሲሆን ፊት ለፊት ነው። ውሃ የጠጣሁት ከእህቴ በር ማዶ ቆሜ ነበር።

ስመለስ ነፋሱ ከኋላዬ ሆነ፤ የማስበው ስለ እግሬ ሳይሆን ስለ ፀሐይዋ ሆነ፣ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ከሩቅ ከመስጊዱ ማዶ አንድ ሰማያዊ የግንብ በር ተከፍቶ ነጭ ላንድክሩዘር ወጥቶ ቆሞ አየሁ። ሾፌሩ ፍራሽ ጣሪያው ላይ ያስራል። እታለም ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ሻንጣ ይዛ ወጣች፣ አየችኝ፣ ሳታውቀኝ ወደ መኪናው ዞረች። ሻሼን ፈታሁ።

«አንተ ነህ እንዴ!» ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። «ጠዋት ውሃ ስትጠጣ በበሩ ስንጥቅ አይቼሃለሁ እኮ! ይሄ ፓኪስታኒ የግመል ጉሮሮ ነው ያለው ብዬ ሳቅሁብህ!»

ከብስክሌቱ ወረድኩና አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩ መስሏት አጠገቤ ተንበረከከች፣ በሻርፗ ጫፍ የዓይኔን ሽፋሽፍት ጠረገችልኝ። ፊቷ ከስቷል፤ በቀኝ እጇ ላይ የብረት ምጣድ ጠርዝ የሚመስል የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«ያበሉሻል? ትተኛለሽ?»

«እኔን ተወኝ። አንተ ምሳ በላህ?»

ማዳም ከመኪናው ውስጥ «ያላ፣ ያላ!» አለች፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሳ። እታለም ከኋላ ከማዳም ልጆች መካከል ገባች። መኪናው ሲንቀሳቀስ መስኮቱን አውርዳ አንገቷን አወጣችና ጮክ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ረጅም ነገር። ነፋሱ ወሰደው። እኔ ግን የሰማሁ መስዬ እጄን አነሳሁ፣ «እሺ! እሺ!» አልኩ። እሷም ፈካች፤ ተደስታ መስኮቱን ዘጋች።

ከሳውዲ ስትደውል እሺ ስላልኳት ነገር ሁልጊዜ እንደተስማማን ቆጥራ ታልፈዋለች፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። የክፍል ጓደኛዬ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያን ማታ እንዴት ሆኜ ቤት እንደገባሁ አላስታውስምና አንተ ጨምርበት። ያ የሣር አጫጅ አማርኛ አያነብም፤ የሚያውቀው ሰው ካለ ስሙን ይንገረኝ። እታለም፣ አንቺ ደግሞ ካነበብሽው ስህተቴን አርሚ፤ ያን ቀን እሺ ያልኩሽ ምን ብለሽኝ ነው?